ሴፎታክሲም 24፣ ሴፍታዚዲም 22፤ የትኛው ይሻላል?

የላብ ተማሪ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የሜዲካል ላቦራቶሪ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነኝ። ለመመረቂያ ጽሑፌ ከሽንት ናሙና በወጣ ኢ. ኮላይ ባክቴሪያ ላይ ሴፋሎስፖሪን የሚባሉ አንቲባዮቲኮችን እያወዳደርኩ ነው። ዛሬ ጠዋት ፕሌቱን ከኢንኩቤተር አውጥቼ በማስመሪያ ስለካ የሴፎታክሲም ዞን (መድኃኒት በያዘው የወረቀት ዲስክ ዙሪያ ባክቴሪያ ያልበቀለበት ክብ) 24 ሚሊ ሜትር፣ የሴፍታዚዲም 22 ሆነ። ሁለቱም ዲስኮች 30 ማይክሮግራም ናቸው። «ሴፎታክሲም የበለጠ ይሠራል» ብዬ ብጽፍ አማካሪዬ በቀይ ሰረዙት። ልዩነቱ አንሶ ይሆን?

ማይክሮ ቤት፦
እህቴ፣ ማነሱ አይደለም፤ 10 ሚሊ ሜትር ቢሆንም ይሰረዝ ነበር። ዞኑ የመድኃኒቱን ጉልበት ብቻ ሳይሆን አጋሩ (ባክቴሪያው የሚበቅልበት ጄል) ውስጥ እንዴት እንደተሰራጨም ነው የሚያሳየው። ስለዚህ እያንዳንዱ መድኃኒት የሚዳኘው በራሱ መስፈርት ነው። የሲኤልኤስአይን (የላብ መስፈርት የሚያወጣውን ድርጅት) ሰንጠረዥ ክፈቺ፦ ለሴፎታክሲም ሴንሲቲቭ (ባክቴሪያው በመድኃኒቱ ይሸነፋል) የሚባለው ከ26 ጀምሮ ነው፤ ከ23 እስከ 25 ኢንተርሚዲየት (መካከለኛ)። ለሴፍታዚዲም ግን 21 ይበቃል። ሰፊው ዞንሽ ኢንተርሚዲየት፣ ጠባቡ ሴንሲቲቭ ሆነ ማለት ነው።

ደግሞ ሴፍታዚዲም በለጠ ብለሽም እንዳትጽፊ! ሴፎታክሲም 27 ወይም ከዚያ በታች፣ ሴፍታዚዲም 22 ወይም ከዚያ በታች ሲሆን ኢኤስቢኤል (እነዚህን መድኃኒቶች የሚሰብር የባክቴሪያ ኢንዛይም) ይጠረጠራል፤ ያንቺው በሁለቱም ገብቷል። ከኢኤስቢኤሎች ውስጥ ሲቲኤክስ-ኤም የሚባሉት ኢንዛይሞች ስማቸውም የመጣው ከሴፎታክሲም ነው፤ እሱን በደንብ ይሰብራሉ፣ ብዙዎቹ ሴፍታዚዲም ላይ ግን ይደክማሉ። ሁለቱንም ክላቩላኒክ አሲድ (ኢንዛይሙን የሚያግድ) ካለባቸው ዲስኮች ጋር ድገሚ። ከአንዱ ጋር እንኳ ዞኑ በ5 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ከሰፋ ተረጋገጠ።

አጋር አፍሳሽ፦
ከዚያ በፊት ኮንትሮሉን (ውጤቱ አስቀድሞ የታወቀውን ባክቴሪያ) እዪ። 25922 በሚባለው የኢ. ኮላይ ኮንትሮል ላይ ሴፎታክሲም ከ29 እስከ 35፣ ሴፍታዚዲም ከ25 እስከ 32 መሆን አለበት። እኔ አንድ ጊዜ ዞኖቼ ሁሉ እየሰፉብኝ ሁለት ቀን ዲስኮቹን ስጠረጥር ከረምኩ። መጨረሻ ላይ ፕሌቱን በጎን ቆርጬ ብለካው አጋሩ 4 ሚሊ ሜትር መሆን ሲገባው 2 ብቻ ነበር። ማክፋርላንዱንም (የባክቴሪያ ፈሳሹን የድፍርስነት መለኪያ) በዓይን ገምተሽ አትለፊ። ጉልበታቸውን ማወዳደር ከፈለግሽ ደግሞ ኤምአይሲ (ባክቴሪያው እንዳይበቅል የሚያደርገውን ትንሹን የመድኃኒት መጠን) በብሮዝ (በፈሳሽ ማብቀያ) ሥሪ፤ የአንድ ጉድጓድ (የአንድ እጥፍ መጠን) ልዩነት ግን የአሠራሩ መዋዠቅ ስለሆነ እንደ ልዩነት አትቁጠሪው።

የላብ ተማሪ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ኮንትሮሉ 31 እና 28፣ ደህና ነው። ክላቩላኒክ አሲድ ያለበትን ዛሬ አነበብኩት፦ ሴፎታክሲም ከ24 ወደ 31 ዘለለ፤ 7 ሚሊ ሜትር ስለሰፋ ኢኤስቢኤል ነው ማለት ነው። የቀሩትን 18 ናሙናዎችም እንደገና ልጀምር ነው።