ክርስትና የጥንቱን የግሪክ ባህል አጠፋው ወይስ ወረሰው?

አንባቢ ዘማራኪ (ጥያቄ)፦

ጤና ይስጥልኝ። እዚህ ጎንደር ከጓደኞቼ ጋር እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እየተገናኘን የታሪክ መጻሕፍት እናነባለን። ሰሞኑን የጥንት ግሪኮችን ታሪክ ይዘን ሳለ ክርክር ተነሥቶ ሳንግባባ ተለያየን። አንደኛው ወገን «ክርስትና ያንን የመሰለ ሥልጣኔ አፈረሰው፤ ቤተ መቅደሱን ዘጋ፣ ፈላስፎቹን አሳደደ» ይላል። ሌላው ደግሞ «አዲስ ኪዳን የተጻፈው በግሪክኛ ነው፤ አባቶችም ዶግማውን ያብራሩት ከፈላስፎቹ በተማሩት አነጋገር ስለሆነ ክርስትና የግሪክ ባህል ቅጥያ ነው» ብሎ ይሟገታል። እኔ ሁለቱንም መቀበል አቅቶኛል። ቅዱስ ባስልዮስና ቅዱስ ጎርጎርዮስ ነባቤ መለኮት በወጣትነታቸው አቴንስ ድረስ ሄደው ክርስቲያን ካልሆኑ መምህራን ተምረዋል፤ ለጣዖት ከመሠዋት ግን ሞትን የመረጡ ሰማዕታትን ሲያወድሱ የኖሩትም እነርሱው ናቸው። አንዱን ሲቀበሉ ሌላውን የጣሉት በምን ለይተው ነው? በእኛስ አገር የግሪኮች ዕውቀት እንዴት ገባ? የምታውቁ እባካችሁ አስረዱኝ።

የታሪክ መምህር፦

ወንድሜ፣ ክርክሩ መቋጫ ያጣው «የግሪክ ሃይማኖት» ሲባል ሁላችንም የራሳችንን ዓይነት ሃይማኖት ስለምናስብ ይመስለኛል። የጥንት ግሪኮች እንደ ጸሎተ ሃይማኖት ያለ የእምነት መግለጫ፣ ሁሉንም ከተሞች የሚያስተዳድር የክህነት ሥርዓት ወይም ከሰማይ የተሰጠ የሚሉት አንድ መጽሐፍ አልነበራቸውም። ስለ አማልክቶቻቸው የሚሰሙት በአብዛኛው ከሆሜርና ከሄሲዮድ ግጥሞች ሲሆን፣ ሃይማኖቱ በሥራ የሚገለጠው በከተማው መሥዋዕት ነበር። በአቴንስ የፓናቴናያ በዓል ሕዝቡ በሰልፍ ወደ አክሮፖሊስ ይወጣል፤ አቴና ለተባለችው አምላካቸው የተሸመነ ልብስ ይቀርባል፤ ከብቶች ይታረዳሉ፤ የታፋው አጥንት በስብ ተጠቅልሎ በመሠዊያው ላይ ይቃጠላል፤ ሥጋው ለሕዝቡ ይከፋፈላል። ከዚያ ሥጋ መካፈል የከተማው ልጅ ለመሆን ምስክር ነበር።

የጎንደር ሰው ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በለቅሶም በሠርግም ሳይለያይ የኖረ ነው፤ ሥጋ ላይ ሲደርስ ግን እያንዳንዱ የራሱን ባርኮ ያርዳል፣ ደጋሽም ለሌላው ወገን እንግዶች ለብቻ ያሳርዳል። ሲታረድ የተጠራው ስም ሥጋውን የእምነት ጉዳይ ያደርገዋልና። ቅዱስ ጳውሎስ በመጀመሪያይቱ የቆሮንቶስ መልእክት ምዕራፍ 8 እና 10 የሚነግረን ይህንኑ ነው፦ በገበያ የተሸጠውን ሥጋ ሳትመረምሩ ብሉ፤ ነገር ግን «ይህ ለጣዖት የተሠዋ ነው» የሚላችሁ ሰው ቢኖር ተዉት፤ ከጌታ ማዕድና ከአጋንንት ማዕድ በአንድነት መካፈል አይቻልም። እንግዲህ መለያው መሠዊያው ነበር ማለት ነው።

መጽሐፉና ትምህርቱ ግን በዚያ መሠዊያ ላይ አልታሰሩም። እንዲያውም አማልክቱን አስቀድመው የነቀፉት ፈላስፎቹ ራሳቸው ናቸው። ዜኖፋኔስ «ፈረሶች እጅ ቢኖራቸው አማልክቶቻቸውን በፈረስ መልክ ይሥሉ ነበር» እስከ ማለት ደርሷል። ፕላቶ የሆሜርን የአማልክት ተረት ለልጆች ማስተማር እንደማይገባ ጽፏል። ሶቅራጥስም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ399 ዓመት ሞት የተፈረደበት ከተማዋ የምታከብራቸውን አማልክት አያከብርም፣ ወጣቶችንም ያበላሻል ተብሎ ነው። ስለዚህ በ2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሰማዕቱ ዮስጢኖስ፣ ሶቅራጥስን ከክርስቶስ በፊት በቃል (ግሪኮች ሎጎስ በሚሉት) ከኖሩት ሰዎች ጋር ሲቆጥረው አዲስ ነገር የፈጠረ አይመስለኝም። ከእርሱም በፊት ቅዱስ ጳውሎስ በአርዮስፋጎስ ቆሞ «እኛ ደግሞ ዘመዶቹ ነንና» የሚለውን የግሪክ ባለቅኔ ስንኝ ጠቅሷል (የሐዋርያት ሥራ 17፥28)። ቅዱስ ባስልዮስ ደግሞ ስለ ግሪክ መጻሕፍት ለወጣቶች በሰጠው ምክር፣ ባለቅኔዎቹ ክፉ ነገር በሚያወሩበት ቦታ የሆሜር ጀግና ኦዲሲዩስ በዜማቸው መርከበኞችን ከሚያጠፉት ከሲሬኖች እንደሸሸ ጆሯችሁን ድፈኑ ይላቸዋል። ልብ በሉ፤ ከሆሜር የሚያስጠነቅቃቸው በራሱ በሆሜር ታሪክ ነው! ይህን ማድረግ የሚችለው መጽሐፉን አጥንቶ የሚወድ ሰው ብቻ ነው።

ዘአዘዞ፦

መምህር፣ ያስቀመጡት መለያ በአባቶች መጻሕፍት ውስጥ እውነት ነው፤ በጎዳናው ላይ የሆነውን ግን የሚያለሰልስብን መሰለኝ። የሮም ንጉሠ ነገሥት ቴዎዶስዮስ በ391 እና በ392 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) መሥዋዕትን በሕግ ከለከለ፤ በዚያው ጊዜ ገደማ በእስክንድርያ የነበረው ታላቁ የሴራፒስ ቤተ መቅደስ ፈረሰ። በ415 ደግሞ የሒሳብና የፍልስፍና መምህርት የነበረችው ሂፓቲያ በከተማዋ ሹማምንት ጠብ መካከል በክርስቲያን ሁከተኞች እጅ በጭካኔ ተገደለች። ድርጊቱ በእስክንድርያ ቤተ ክርስቲያን ላይ ነቀፋ እንዳመጣ የጻፈው እኮ ክርስቲያኑ የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊ ሶቅራጥስ (የፈላስፋው ስም መክሼ) ነው። በ529 ንጉሠ ነገሥቱ ዮስጢንያኖስ አረማውያን መምህራን እንዳያስተምሩ ከለከለ፣ የአቴንስም የፍልስፍና ትምህርት ተቋረጠ። ሂፓቲያ የተገደለችው መሠዊያ ላይ ስትሠዋ ተገኝታ አይደለም። የጠያቂው ጓደኞች «አፈረሰው» ሲሉ ይህን ማለታቸው ከሆነ፣ በቂ መልስ የሚገባቸው ይመስለኛል።

ደቀ መዝሙር፦

ስለ አገራችን ለተጠየቀው እኔ ጥቂት ልበል። በአክሱም የንጉሥ ኢዛና ጽሑፎች በግእዝ፣ በሳባና በግሪክኛ ተቀርጸዋል። ከመጠመቁ በፊት በተቀረጸው የግሪክኛ ጽሑፍ ንጉሡ ራሱን የማይሸነፈው የአሬስ (የግሪኮች የጦርነት አምላክ) ልጅ ብሎ ይጠራል፤ ክርስቲያን ከሆነ በኋላ በዚያው በግሪክኛ በአብ፣ በወልድና በመንፈስ ቅዱስ ማመኑን ይናገራል። ሳንቲሞቹም እንደዚሁ ናቸው፦ ከላይ የነበረው የጨረቃና የክብ ምልክት ወጥቶ በምትኩ መስቀል ገባ፤ የግሪክኛው ፊደል ግን በቦታው ቀረ። መምህር ያሉትን የመሠዊያና የትምህርት ልዩነት በአንድ ሳንቲም ላይ የምናየው እኛ ነን።

ከዚያም አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ከቅዱስ አትናቴዎስ ተሾሞ ከመጣ በኋላ ባሉት ዘመናት መጽሐፍ ቅዱስና መጽሐፈ ቄርሎስ ከግሪክኛ ወደ ግእዝ ተመለሱ። ፊሳልጎስም አብሮ መጣ። ግሪኮች ስለ እንስሳትና ስለ አዕዋፍ ይተርኩት የነበረውን ይዞ እያንዳንዱን ወደ ክርስቶስ ምሥጢር የሚመራ መጽሐፍ ነው። ሄሮዶቱስ ከግብፅ ሰማሁ ብሎ የጻፈው የፊኒክስ ወፍ ታሪክ በዚህ መጽሐፍ የትንሣኤ ምሳሌ ሆኗል። የፈላስፎቹ አባባል ግን በዋናነት የደረሰን ዘግይቶ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በአባ ሚካኤል ከዓረብኛ በተተረጎመው በአንጋረ ፈላስፋ በኩል ነው፤ በዚያ ውስጥ ሶቅራጥስና አርስጣጣሊስ እንደ አገር ሽማግሌ ምክር ሲሰጡ ይሰማሉ። እዚህ ጎንደር በትርጓሜ ጉባኤ «አንድም» እየተባለ አንዱ ቃል በብዙ መንገድ ሲፈታ ያደመጠ ሰው፣ ከውጭ የመጣን ዕውቀት መርምሮ ለራስ ምሥጢር ማዋል ለሊቃውንቱ እንግዳ እንዳልነበረ ይገነዘባል።

የታሪክ መምህር፦

ዘአዘዞ ያነሡት በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። የሂፓቲያ ደም በምንም መለያ ሊጸድቅ አይችልም፤ እኔም ልከላከልለት አልሞክርም። ነገር ግን ትምህርቱንና መሠዊያውን አንድ አድርጎ በሕግ ያሰራቸው አስቀድሞ የሮም ንጉሠ ነገሥት ዑልያኖስ ከሃዲ መሆኑ አይዘንጋ። በ362 ባወጣው ሕግ፣ አማልክቱን የማያምን ሰው ሆሜርን ማስተማር አይገባውም ብሎ ክርስቲያን መምህራንን ከትምህርት ቤት አስወጣ። ቅዱስ ጎርጎርዮስ በታላቅ ቁጣ የመለሰለት፣ የግሪክ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ የአማልክቱ አምላኪዎች ብቻ ንብረት አይደለም ብሎ ነው። አረማዊው ታሪክ ጸሐፊ አሚያኖስ እንኳ፣ ዑልያኖስን እጅግ እያከበረው፣ ይህን ሕግ ነቅፎታል።

ለጠያቂው ጓደኞች ደግሞ አንድ ሰው ልጨምርላቸው፦ ሲኔስዮስ። በሰሜን አፍሪካ የጵጦሌማይስ ጳጳስ ሆኖ የተሾመ ሰው ነው፤ ፍልስፍና የተማረው ከሂፓቲያ ነበር። በሕይወቱ መጨረሻ ልጆቹ ሞተውበት በሐዘን ላይ ሳለ፣ እናቴ፣ እኅቴ፣ መምህሬ እያለ ደብዳቤ የጻፈው ለእርሷ ነው።