በኦርግ ሞድ የያዝኳቸው ማስታወሻዎች እየበዙ ሲሄዱ አጀንዳውና ፍለጋው ከበዱኝ፤ ፋይሎቹን ላዋህዳቸው ወይስ ልከፋፍላቸው?

ብራና፦

ሰላም ለሁላችሁ። ላለፉት አራት ዓመታት የሥራና የንባብ ማስታወሻዬን በሙሉ የምይዘው ኢማክስ በሚባለው የጽሑፍ ማዘጋጃ ፕሮግራም ውስጥ በሚሠራው በኦርግ ሞድ ነው። ቀደም ሲል የምጠቀምበት አፕሊኬሽን አገልግሎቱን ሲያቋርጥ የሁለት ዓመት ማስታወሻዬ ቅርጹ ተበላሽቶ፣ ምስሉና ሊንኩ ተለያይቶ ስለ ወጣልኝ፣ ከዚያ ወዲህ የምጽፈው ሁሉ ማንኛውም ፕሮግራም ሊከፍተው የሚችል ተራ ጽሑፍ እንዲሆን ወሰንኩ። በዚህ ውሳኔዬ እስከ ዛሬ አልተጸጸትኩም።

አሁን ግን ሦስት ነገሮች አስቸግረውኛል። የመጀመሪያው አጀንዳው፣ ማለትም ሥራና ቀጠሮን ከፋይሎቹ ሰብስቦ በየቀኑ የሚያሳየኝ ገጽ ነው። ጠዋት ስከፍተው ለመታየት ብዙ ሰከንዶች ይወስዳል፤ ከታየም በኋላ የዛሬውን ሥራ የማገኘው ቀናቸው ካለፈ ከስልሳ በላይ መስመሮች በታች ነው። ከእነዚህ መካከል ገና ሳልጀምረው ለአምስት ወር በየቀኑ ሲታየኝ የቆየ አለ፤ ዓይኔ ስለ ለመደው አሁን አላነበውም። ሁለተኛው ሊንክ ነው፤ የአንድን ማስታወሻ ርእስ ሳሻሽል ወይም ወደ ሌላ ፋይል ሳዛውር ወደ እርሱ የሚያመለክቱት ሊንኮች ይሞታሉ። ሦስተኛው ፍለጋ ነው፤ እንደጻፍኩት በእርግጠኝነት የማውቀውን ማስታወሻ ስፈልገው አይገኝም፣ ከሳምንት በኋላ ሌላ ነገር ስፈልግ ግን በአጋጣሚ ብቅ ይላል።

በአሁኑ ጊዜ 180 ያህል ፋይሎች አሉኝ፤ ሁሉንም በአንድ ፎልደር አስቀምጬ ፎልደሩን እንዳለ ለአጀንዳው ሰጥቼዋለሁ። ሁሉንም ወደ አንድ ትልቅ ፋይል ላዋህዳቸው ወይስ ከዚህም በላይ ልከፋፍላቸው? ከእኔ በፊት በዚህ መንገድ ያለፋችሁ ምን እንዳደረጋችሁ ብትነግሩኝ በእጅጉ አመሰግናለሁ።

መቃ ብዕር፦

ጤና ይስጥልኝ ብራና። ጥያቄዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ የፋይሎቹ ቁጥር ብዙም ለውጥ የሚያመጣ አይመስለኝም። ችግሩ ቀን አሰጣጥዎ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ይህን የምለው እኔም ለረጅም ጊዜ ያንኑ ስሕተት ስለ ሠራሁ ነው።

ኦርግ ሞድ ለአንድ ርእስ ሦስት ዓይነት ቀን መስጠት ያስችላል፤ ሦስቱም በጽሑፉ ላይ ስለሚመሳሰሉ አንድ ናቸው ብሎ ማሰብ ቀላል ነው። በማዕዘን ቅንፍ (< >) ውስጥ ብቻውን የተጻፈ ቀን ያ ነገር በዚያ ዕለት ይሆናል ማለት ነው፤ ስብሰባ፣ ቀጠሮና ጉዞ የሚመዘገቡት በዚህ ነው፤ ዕለቱ ካለፈ በኋላ ከአጀንዳው ይጠፋል። ዴድላይን የሚለው ቃል የቀደመው ቀን ደግሞ ሥራው ማለቅ ያለበት የመጨረሻ ቀን ነው፤ ምንም ካልቀየሩት ከ14 ቀን በፊት ጀምሮ ያስጠነቅቅዎታል። ስኬጁልድ የሚለው የቀደመው ግን ሥራውን ልጀምረው ያሰብኩበት ቀን ማለት ነው፤ ስለዚህ ሥራው ተጠናቀቀ ተብሎ እስኪዘጋ ድረስ ከዚያ ቀን ጀምሮ በየዕለቱ ይታያል፤ ከፊቱ ያለውም ቁጥር ለስንተኛ ቀን እንደታየ ይቆጥራል። የኦርግ ሞድ መመሪያ ራሱ ስኬጁልድን ለቀጠሮ እንዳንጠቀምበት በግልጽ ያሳስባል።

እንግዲህ ስልሳዎቹን መስመሮች አንድ በአንድ ቢመለከቷቸው አብዛኞቹ ከሦስቱ በየትኛውም ስር የማይወድቁ ሆነው ያገኟቸዋል ብዬ እገምታለሁ። «ይህን ጽሑፍ ላነብ ይገባል»፣ «ስለዚህ ጉዳይ ላስብ» የሚሉ ናቸው። ሰው እንዲህ ያለውን ሐሳብ ሲመዘግብ እንዳይረሳው ስለሚሰጋ ቀን ይለጥፍበታል፤ ቀኑ ግን ለሥራው የተሰጠ ሳይሆን ለስጋቱ የተሰጠ ነው። እንዲህ ያለው ሥራ ያለ ቀን መቀመጥ አለበት። ያለ ቀን ስለ ተቀመጠ አይጠፋም፤ የሚሠራ የሚል ምልክት እስካለው ድረስ ኦርግ ሞድ ቀን የሌላቸውን ሥራዎች ለብቻቸው ዘርዝሮ ያሳያል። እኔ ያንን ዝርዝር በሳምንት አንድ ቀን፣ ሁልጊዜ በዚያው ቀንና በዚያው ሰዓት፣ ከላይ እስከ ታች አነበዋለሁ፤ በዚያ ሳምንት በእርግጥ የምጀምራቸውን ሦስት ወይም አራት ብቻ መርጬ ስኬጁልድ እላቸዋለሁ። አጀንዳዬ ከዚያ ወዲህ ከአንድ ስክሪን አልፎ አያውቅም።

ስለ ዝግታው፦ አጀንዳው ሲከፈት የተሰጡትን ፋይሎች በሙሉ ከፍቶ ያነባል። የንባብ ማስታወሻ የያዙት ፋይሎች ሥራም ቀንም ከሌለባቸው እዚያ ዝርዝር ውስጥ መግባት የለባቸውም። ፎልደሩን ከዝርዝሩ ያውጡና ሥራ ያለባቸውን አምስት ወይም ስድስት ፋይሎች በስማቸው ያስገቡ። የተጠናቀቁትንም ወደ አርካይቭ ፋይል ያዛውሩ።

ቀለም ቀንድ፦

መቃ ብዕር ስለ ቀን የጻፉትን ሙሉ በሙሉ እደግፋለሁ። እኔ የምመልሰው ሦስተኛውን ጥያቄ ነው፤ ምክንያቱም በአማርኛ ማስታወሻ የሚይዝ ሁሉ ይህ ችግር ይደርስበታል፣ ብዙዎችም ጥፋቱ የራሳቸው መርሳት ይመስላቸዋል።

ማስታወሻዎ የማይገኘው በሞክሼ ፊደላት ምክንያት ነው። «ጽሑፍ» የሚለውን ቃል ይመልከቱ፤ የመጀመሪያው ፊደል ጽ ወይም ፅ፣ ሁለተኛው ሁ፣ ሑ ወይም ኁ ሊሆን ስለሚችል አንዱ ቃል በስድስት መንገድ ይጻፋል። «ፀሐይ» ደግሞ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ እና ኃ ሁሉም አንድ ዓይነት ድምፅ ስላላቸው በአሥራ ሁለት መንገድ ሊጻፍ ይችላል። እኛ ስናነብ ሁሉንም አንድ አድርገን እንወስዳለን፤ ለኮምፒውተሩ ግን እያንዳንዱ የራሱ ቁጥር ያለው የተለየ ፊደል ነው። በአራት ዓመት ውስጥ በስልክም በኮምፒውተርም ከጻፉ፣ ከሌላ ሰው ጽሑፍም ቀድተው ከለጠፉ፣ አንዱን ቃል ቢያንስ በሁለትና በሦስት መንገድ ጽፈውታል።

መፍትሔው የጻፉትን ማረም አይደለም፤ ፍለጋውን ማስተማር ነው። ኢማክስ በፍለጋ ጊዜ የተለያዩ ፊደላትን እንደ አንድ የሚቆጥርበት ቻር ፎልድ የሚባል አሠራር አለው፤ ከ27ኛው እትም ጀምሮ ተጠቃሚው የራሱን ፊደላት እንዲጨምርበት ተፈቅዷል። ቻር ፎልድ ኢንክሉድ በሚባለው ቅንብር ውስጥ ሞክሼዎቹን በየቡድናቸው ይዘረዝራሉ፤ ቀጥሎም ቻር ፎልድ ሲሜትሪክ የሚባለውን ያበራሉ፤ ያለዚህኛው ሀ ሲፈልጉ ሐ ይገኛል፣ ሐ ሲፈልጉ ግን ሀ አይገኝም። ሥራው ከሚመስለው ያንሳል። የሀ ቤተሰብ ግዕዙና ራብዑ አንድ ስለሚሆኑ ስድስት ቡድን፣ የአ ቤተሰብም በተመሳሳይ ስድስት፣ ሰ እና ሠ ሰባት፣ ጸ እና ፀ ሰባት፣ በድምሩ 26 ቡድን ብቻ ነው። እኔ ቁጭ ብዬ የጻፍኩት በአንድ ምሽት ነበር፤ በማግስቱ ከሁለት ዓመት በፊት ጠፍቷል ብዬ እንደገና የጻፍኩትን ማስታወሻ «ሥራ» በ«ስራ» ተጽፎ አገኘሁት።

ይህ የሚሠራው በተከፈተው ፋይል ውስጥ ለሚደረግ ፍለጋ ነው። በፎልደሩ ሁሉ ለመፈለግ እንደ ሪፕግሬፕ ያለ ፕሮግራም የሚጠቀሙ ከሆነ ሞክሼዎቹን በአራት ማዕዘን ቅንፍ ([ ]) ውስጥ አንድ ላይ አድርገው መስጠት ይኖርብዎታል፤ ለምሳሌ [ጽፅ][ሁሑኁ]ፍ ብለው። አንድ ጥንቃቄ ልጨምር፦ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ 8 (የዩኒኮድ ፊደላት በኮምፒውተር በሚቀመጡበት ዘዴ) እያንዳንዱ ሦስት ባይት ስለሚይዝ የተርሚናልዎ የቋንቋ ቅንብር ዩኒኮድን የማይረዳ ከሆነ ግሬፕ የሚባለው የተለመደው የፍለጋ ፕሮግራም ቅንፉን ፊደል በፊደል ሳይሆን ባይት በባይት ያነበውና የተሳሳተ ውጤት ይሰጣል።

ብራና፦

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ያደረግሁትን ልንገራችሁ፤ ስሕተትም ስለ ሠራሁ ለሌላው እንዲጠቅም እጽፈዋለሁ።

ስልሳዎቹን መስመሮች አንድ በአንድ ለማየት ትዕግሥት ስላጣሁ ስኬጁልድ የሚለውን መስመር ከፋይሎቹ ሁሉ በአንድ ትእዛዝ አጠፋሁት። አጀንዳዬ ወዲያው ነጻ ሆነ፤ በሁለተኛው ቀን ግን በየሳምንቱ የሚደጋገሙት ሥራዎቼም አብረው እንደጠፉ አወቅሁ፤ ድግግሞሹ የሚጻፈው እዚያው ቀኑ ውስጥ ስለሆነ ነው። ፎልደሩን ጊት በሚባለው፣ የፋይሎችን ለውጥ በየጊዜው በሚይዝ ፕሮግራም እመዘግበው ስለነበር ወደ ቀድሞው መለስኩትና በዚህ ጊዜ አንድ በአንድ አየሁት። ከ63ቱ ውስጥ በእርግጥ ልጀምራቸው ያሰብኳቸው ስምንት ብቻ ነበሩ፤ አሥራ አንዱ ቀጠሮዎች ነበሩ፤ ሌሎቹን ቀናቸውን አንስቼ ተውኳቸው። አምስት ወር ሙሉ ይታየኝ የነበረውን ደግሞ በመጨረሻ ሳነበው ከሦስት ወር በፊት የሠራሁት ሆኖ ተገኘ። የአጀንዳውን ዝርዝር ወደ ሰባት ፋይል ስላወረድኩት አሁን እንደ ጠራሁት ይከፈታል።

ሞክሼዎቹን ገና እየጻፍኩ ነው። የቀረኝ የሊንኩ ጉዳይ ነው። በጊት ላይም አንድ ነገር አስቸገረኝ፤ በረጅም አንቀጽ ውስጥ አንዲት ቃል ባስተካክል አንቀጹ በሙሉ እንደ ተለወጠ አድርጎ ስለሚያሳየኝ ምን እንደ ቀየርኩ መለየት አልቻልኩም።

ደብተር፦

ስለ ሊንኩ እኔ ልመልስ። በርእሱ ቃል የሚሠራ ሊንክ ርእሱ ሲለወጥ መሞቱ የማይቀር ነው። ለርእሱ መታወቂያ ይስጡት፤ ኦርግ ሞድ ከርእሱ ስር የማይደገም ረጅም ቁጥር ይጽፍለታል፣ ሊንኩም ወደዚያ ቁጥር ያመለክታል። ከዚያ በኋላ ርእሱን ቢለውጡትም፣ ወደ ሌላ ፋይል ቢያዛውሩትም ይገኛል። መታወቂያው በየትኛው ፋይል እንዳለ ኦርግ ሞድ በራሱ መዝገብ ይይዛል፤ ፋይሎቹን ከኢማክስ ውጭ ካዘዋወሩ ግን መዝገቡን እንዲያድስ ማዘዝ አለብዎት። ብዙ ሰዎች ይህን እርምጃ ስለማያውቁት መታወቂያ አይሠራም ብለው ይተዉታል። ሊንክ በሠሩ ቁጥር መታወቂያው በራሱ እንዲፈጠር የሚያደርግ ቅንብርም አለ፤ ዛሬውኑ ያብሩት።

ስለ ጊት፦ ጊት የሚያነጻጽረው መስመር ከመስመር ነው፤ እርስዎ አንቀጹን በአንድ መስመር ከጻፉት ለእርሱ አንድ ነገር ነው። ከእያንዳንዱ አራት ነጥብ በኋላ ወደ አዲስ መስመር ይውረዱ። በኦርግ ሞድ ውስጥ በመካከላቸው ባዶ መስመር እስከሌለ ድረስ ጽሑፉ ወደ ሌላ ቅርጽ ሲወጣ አንድ አንቀጽ ሆኖ ይወጣል፤ ስለዚህ ንባቡ አይጎዳም። ይህንን ሲያደርጉ አራት ነጥቡን ሁለት ሁለት ነጥብ ደርድረው የጻፉባቸውን ቦታዎችም ቢያስተካክሉ መልካም ነው፤ በዓይን አይለይም፣ በፍለጋ ግን ሌላ ነው።

በአንድ ነገር ከመቃ ብዕር እለያለሁ። የፋይል ቁጥር ለአጀንዳው ለውጥ አያመጣ ይሆናል፤ በስልክም በኮምፒውተርም ለሚጽፍ ሰው ግን ለውጥ ያመጣል። ሁሉም ነገር በአንድ ትልቅ ፋይል ከሆነ በሁለቱም መሣሪያዎች በአንድ ቀን የተጻፈ ሁሉ ይጋጫል። እኔ ከስልክ የምጽፈው ለብቻው በተለየ ፋይል ብቻ ነው፤ ኮምፒውተሩ ያንን ፋይል ያነበዋል፣ ወደየቦታው ያከፋፍለዋል፣ አዲስ ነገር ግን አይጽፍበትም። ይህን ከጀመርኩ ወዲህ የተጋጨ ፋይል አላየሁም።

መቃ ብዕር፦

ደብተር ልክ ናቸው፤ እኔ በአንድ ኮምፒውተር ብቻ ስለምጽፍ ያንን አላሰብኩትም ነበር።

ብራና፣ ሞክሼዎቹን ጽፈው ሲጨርሱ አንድ ነገር ያስታውሱ። ሞክሼ የሆነ ሁሉ በትርጉም አንድ አይደለም፤ በግዕዝ «ሠረቀ» ወጣ ማለት ነው፣ «ሰረቀ» ደግሞ ሌባ የሚሠራው ነው። የጥንት ጽሑፍ ማስታወሻ ከያዙ ሁለቱን ለይተው የሚፈልጉበት ጊዜ ይመጣል። ያን ጊዜ ቅንብሩን ማጥፋት አያስፈልግም፤ በፍለጋው መካከል አልትና ኤስን ተጭነው ነጠላ ትእምርተ ጥቅስን ሲያስከትሉ ለዚያች ፍለጋ ብቻ ይጠፋል፤ እንደገና ሲጫኑ ይበራል።

ቀለም ቀንድ፦

ይህን እኔ መጥቀስ ነበረብኝ፤ አመሰግናለሁ። ብራና፣ የ26ቱን ቡድኖች ዝርዝር ከቅንብር ፋይሌ ላይ ገልብጬ እልክልዎታለሁ። ኻ እና ኋን ሆን ብዬ አላስገባኋቸውም፤ በእርስዎ ጽሑፍ ውስጥ ከሀ ጋር የሚቀያየሩ ሆነው ካገኟቸው ብቻ ይጨምሯቸው።