ሲቪ ማሠራት ለምትፈልጉ፦ የቱ ይከፈልበታል፣ የቱ በራስ ይሠራል

ሰሞኑን "ጎበዝ ሲቪ የሚሠራ ሰው ጠቁሚኝ" የሚለኝ በዝቷል። አዲስ አበባ ውስጥ በሰው ኃይል ክፍል ስሠራ ብዙ ሲቪ በእጄ አልፏል፤ ስለዚህ የማውቀውን አንድ ላይ ልጻፈው። እኔ አገልግሎቶቹን የምለካቸው በአንድ ነገር ነው። የሚሠራላችሁ ሰው ይጠይቃችኋል ወይስ ዝም ብሎ ይተይባል?

ከኮፒ ቤት ልጀምር። አብዛኞቻችን የመጀመሪያ ሲቪያችንን ያሠራነው አራት ኪሎ ወይም ስድስት ኪሎ፣ ካምፓስ አካባቢ ካሉት ኮፒ ቤቶች በአንዱ ነው። ፈጣን ናቸው። ማስታወቂያው ነገ የሚዘጋ ከሆነና ኮምፒውተር ከሌላችሁ ያወጧችኋል። ችግሩ ጸሐፊዋ የምትሠራው ከእናንተ በፊት የመጣውን ሰው ፋይል ከፍታ፣ ስሙን አጥፍታ ነው። አንድ ጊዜ የነርስ ሲቪ ደረሰኝ። መጨረሻው ላይ "መንጃ ፈቃድ፦ ደረቅ 1" ይላል። ልጁን ስጠይቀው መንጃ ፈቃድ ኖሮት አያውቅም። ደነገጠ፤ እኔም አዘንኩለት። ሌላ ቀጣሪ ቢሆን ሳይጠይቀው ውሸታም ብሎ ያልፈው ነበር።

ስለዚህ ኮፒ ቤት ሂዱ፣ ግን ጽሑፋችሁን በወረቀት ጨርሳችሁ ያዙ። ለመተየብና ለማተም ብቻ ክፈሉ። ፋይሉን በወርድም በፒዲኤፍም ተቀበሉ። በፍላሽ ከምትወስዱት፣ ቫይረስ አለና፣ በቴሌግራም ወደ ራሳችሁ ላኩት። ስትወጡ ደግሞ የዲግሪያችሁና የመታወቂያችሁ ስካን እዚያ ኮምፒውተር ላይ እንዳይቀር አስጠፉ።

ቴሌግራም ላይ "ፕሮፌሽናል ሲቪ እንሠራለን" የሚሉትስ? ጎበዞች አሉ፣ በጣም ደካሞችም አሉ። ለመለየት ቀላል ነው። "ከእኔ ምን መረጃ ትፈልጋላችሁ?" ብላችሁ ጠይቁ። "የድሮውን ሲቪ ላክና ክፈል" ካሉ ተዉአቸው፤ ያንኑ ሲቪ ሰማያዊ ቀለም ቀብተው ነው የሚመልሱላችሁ። በስልክ ሃያ ደቂቃ የሚያወራችሁ፣ ያመለከታችሁበትን ማስታወቂያ ላኩልኝ የሚል ሰው ካገኛችሁ ግን ገንዘባችሁ አይቆጫችሁም። ሥራ እንደምታገኙ ዋስትና የሚሰጥ ካለ ሽሹ። ዋስትናው በእሱ እጅ አይደለም።

ጥያቄ ለምን እንዲህ እንደምወድ ላሳያችሁ። ባለፈው ወር የጎረቤቴ ልጅ ሲቪዋን ይዛ መጣች። የሥራ ልምድ የሚለው ሥር ያለው "በሒሳብ ሠራተኝነት፣ 2 ዓመት" ብቻ ነው። ቡና ላይ ተቀምጠን ጠየቅኳት።

"በቀን ስንት ደረሰኝ ትሠሪ ነበር?"

"ወደ ስልሳ ይሆናል እትዬ።"

"በምን?"

"በፒችትሪ፣ በሒሳብ መሥሪያው ሶፍትዌር።"

"ቫት የሚያሳውቀውስ ማን ነበር?"

"እኔ ነበርኩ፣ በየወሩ።"

"ቅጣት መጥቶባችሁ ያውቃል?"

"ኧረ በፍጹም! አንድም ወር አላሳለፍኩም።"

ይኼ ሁሉ ሲቪዋ ላይ አልነበረም! አሁን እንዲህ ይላል፦ "በቀን እስከ 60 ደረሰኝ በፒችትሪ መዝግቤያለሁ። የ24 ወር ቫት ያለ አንድ ቅጣት በወቅቱ አሳውቄያለሁ።" ታታሪ፣ ጫና የምትቋቋም፣ በቡድን መሥራት የምትችል የሚለውን አወጣነው። መዋዕለ ሕፃናት የተማረችበትንም አወጣነው። ማንም ጓደኛ እነዚህን አራት ጥያቄዎች ሊጠይቃችሁ ይችላል፣ በነፃ።

ራሳችሁ ለምትሠሩ፣ ጎግል ዶክስ ላይ ያሉት የሲቪ ናሙናዎች በነፃ ናቸው፣ በስልክም ይሠራሉ። ለእኔ አንደኛ ምርጫ እነሱ ናቸው። ወርድም ያው ነው። ካንቫ ያምራል፤ ለግራፊክስና ለማርኬቲንግ ሥራ እመክረዋለሁ። ለባንክና ለድርጅት ግን አልመክረውም። ጽሑፉን በሁለት ዓምድ ሲከፍለው ሲቪ የሚያነቡ ሲስተሞች ያምታቱታል፤ "እንግሊዝኛ 80 በመቶ" የሚል የቀለም መስመርም ለቀጣሪ ምንም አይነግረውም። የአውሮፓ ኅብረት የሲቪ መሥሪያ ድረ ገጽ፣ ዩሮፓስ፣ በነፃ ነው፤ አውሮፓ ለስኮላርሺፕ ለሚያመለክት ይሆናል፣ እዚህ ግን ይረዝማል። ቻትጂፒቲ እንግሊዝኛችሁን ያርምላችሁ፣ ያልሠራችሁትን ግን እንዳይጨምርባችሁ መስመር በመስመር አንብቡ። ቃለ መጠይቅ ላይ የሚጠየቀው እናንተ ናችሁ።

የሥራ ገጾቹ ላይ ፍላጎታቸው ይለያያል። ኢትዮጆብስ ላይ የራሳችሁን ፕሮፋይል በደንብ ሙሉ፤ ፒዲኤፍ አያይዞ ፕሮፋይሉን ባዶ መተው የተለመደ ስህተት ነው። አዲስ ተመራቂ ከሆናችሁ "ደረጃ" የሚባለውን ገጽ እዩት፤ ለተመራቂዎች የሥራ ዝግጅት ሥልጠና ይሰጣል። አፍሪወርክ በቴሌግራም ስለሆነ ለትርፍ ሰዓትና ለአጭር ጊዜ ሥራ ይመቻል፤ እዚያ ከሲቪው በላይ የምትጽፉት አጭር ማመልከቻ ነው የሚታየው። የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽንን ለሚያልሙ ደግሞ፣ ማመልከቻው ኢንስፒራ በሚባለው ሲስተም ላይ የሚሞላ ቅጽ ነው። ለእሱ ብላችሁ ሲቪ ማሳመር ላይ ገንዘብ አታውጡ።

የትም አሠሩት፣ ዓመተ ምሕረቱን ራሳችሁ አረጋግጡ። ይኼ ብዙ ሰው ጎድቷል። የእንግሊዝኛ ሲቪ ላይ ምረቃው "2013" ተብሎ የቀረ ስንት አይቻለሁ! አንባቢው በፈረንጅ ካሰላው ልጁ ከተመረቀ ዘመን ሆኖታል፣ መሀል ላይ ደግሞ ስምንት ዓመት ሥራ የፈታ ይመስላል። ሰኔ 2013 ማለት በፈረንጆቹ ጁን 2021 ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት ድረስ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ትደምራላችሁ። ስማችሁም በዲግሪው፣ በፋይዳውና በሲቪው ላይ አንድ ዓይነት ፊደል ይሁን። በአማርኛ የተጻፈ ከሆነ በድሮዎቹ የግዕዝ ፎንቶች የተተየበ ወርድ አትላኩ፤ ፎንቱ የሌለው ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆናል። ፒዲኤፍ አድርጉት። የፋይሉንም ስም በራሳችሁ ስም ቀይሩት፤ "ሲቪ ፋይናል 3" ከሌላው ፋይናል 3 ጋር ይጠፋል።

በጋዜጣ ለወጣ የመንግሥት ሥራ የሚወዳደር ሰው ሌላ ነገር ያስፈልገዋል። እዚያ ብዙውን ጊዜ ኦሪጅናልና ኮፒ ይዛችሁ በአካል ትመዘገባላችሁ፤ የሚቆጠረው የሲቪው ውበት ሳይሆን ማስረጃው ነው። ከግል ድርጅት የመጣ የሥራ ልምድ ደብዳቤ የሥራ ግብር መከፈሉን ካልገለጸ አንቀበልም የሚሉ አሉ። የጎረቤቴ ልጅ ደብዳቤ ይኼ የለበትም ነበር። የድሮ መሥሪያ ቤቷ ቢሮ ቀይሮ፣ ፈልጋ አግኝታ እንደገና እስክታጽፍ ሦስት ቀን ፈጀባት፤ ምዝገባው ሊዘጋ አንድ ቀን ሲቀረው ደረሰች። እናንተ ከሥራ የምትለቁበት ቀን ላይ ደብዳቤውን እዚያው ቆማችሁ አንብቡ። የሥራ መደቡ፣ የጀመራችሁበትና የለቀቃችሁበት ቀን፣ ደመወዙ፣ ግብሩ፣ ማኅተሙ መኖሩን ሳታዩ ከበሩ አትውጡ።