ከአዲስ አበባ ያመጣሁት የሥራ ልምድ በአዲሱ የአርክቴክት ፈቃድ ደንብ ስንት ሰዓት ይያዝልኛል?

ጠያቂው፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ (መስከረም 2009 ዓ.ም.)

እንኳን ለአዲሱ ዓመት በሰላም አደረሳችሁ። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የአርክቴክቸር ቢሮ ከመስከረም 2003 እስከ ነሐሴ 2005 ዓ.ም. ሦስት ዓመት ሠርቻለሁ። አሜሪካ ከገባሁ በኋላ ሁለት ዓመት ገደማ ፓርኪንግ ስሠራ ቆይቼ፣ ካለፈው ሚያዝያ ወዲህ ፈቃድ ያለው አርክቴክት በሚመራው አነስተኛ ቢሮ በድራፍተርነት ተቀጥሬያለሁ። ቀደም ብሎ ፈቃድ ያወጣ ጓደኛዬ 5,600 ሰዓት የሥራ ልምድ ማስመዝገብ እንዳለብኝ ነግሮኝ ነበር፤ አሁን ደግሞ ደንቡ ተቀይሯል፣ ስሙም ኤኤክስፒ ሆኗል ይባላል። አዲሱ ደንብ ምን ያህል ሰዓት እንደሚጠይቅና የአዲስ አበባው ልምዴ ይያዝልኝ እንደሆነ የምታውቁ ብታስረዱኝ ውለታችሁን አልረሳም።

ከዳላስ

ወንድሜ፣ ተስፋ ላስቆርጥህ ባልፈልግም፣ እኔ በአይዲፒ (በድሮው የሥራ ልምድ ምዝገባ ፕሮግራም) ጊዜ ስጀምር የተነገረኝ የአሜሪካ ወይም የካናዳ ፈቃድ በሌለው አርክቴክት ሥር የተሠራ ሥራ እንደማይቆጠር ነው። ስለዚህ የአዲስ አበባውን ትተህ እዚህ በጀመርከው ላይ ብታተኩር ይሻልሃል።

ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

የዳላሱ ወንድማችን የጠቀሱት ገደብ ያለ ቢሆንም የሚመለከተው የልምዱን ግማሽ ብቻ ነው።

5,600 ሰዓት የድሮው አይዲፒ መጠን ነበር። የየስቴቱን የአርክቴክት ምዝገባ ቦርዶች የሚያስተባብረው ብሔራዊ ምክር ቤት፣ ማለትም ኤንካርብ፣ እ.ኤ.አ. ከጁላይ 1 ቀን 2015 ጀምሮ በምርጫ ይሟላ የነበረውን 1,860 ሰዓት አስቀርቶ መጠኑን ወደ 3,740 አወረደው። እ.ኤ.አ. በጁን 2016 መጨረሻ ደግሞ የፕሮግራሙን ስም ኤኤክስፒ ብሎ፣ አሥራ ሰባቱን የልምድ ዘርፎች ወደ ስድስት አጠቃለላቸው፤ ጠቅላላው 3,740 ግን እንዳለ ነው። ከዚህ ውስጥ ቢያንስ 1,860 ሰዓት ሴቲንግ ኤ በሚባለው፣ ማለትም በአሜሪካ ወይም በካናዳ ፈቃድ ባለው አርክቴክት ሥር በአርክቴክቸር ቢሮ ውስጥ መሠራት አለበት። ከእነዚህ አገሮች ውጭ ባለ የአርክቴክቸር ቢሮ፣ በዚያው አገር ሕጋዊ ፈቃድ ባለው አርክቴክት ሥር የተሠራው ሴቲንግ ኦ ውስጥ ገብቶ እስከ 1,860 ሰዓት ድረስ ይያዛል። አዲስ አበባ የነበሩት ኃላፊዎ የተመዘገቡ አርክቴክት ከሆኑ በር አልተዘጋብዎትም።

የሚያሳስበኝ ጊዜው ነው። ከተሠራ ስምንት ወር ያላለፈው ሥራ በሙሉ ይያዛል፤ ከስምንት ወር በላይ ሆኖ አምስት ዓመት ያልሞላው በግማሽ ይያዛል፤ አምስት ዓመት ያለፈው ጨርሶ አይገባም። ስለዚህ የ2003 ዓ.ም. ሥራዎ ከወዲሁ አምልጦዎታል። የ2004 እና የ2005 ዓ.ም. በግማሽ ሊያዝልዎት ይችላል፤ ነገር ግን ሳያስመዘግቡ የሚያልፈው እያንዳንዱ ወር ከመስከረም 2004 ጀምሮ አንድ አንድ ወር እየቆረጠብዎት ይሄዳል።

ከዳላስ

እርምቱን ተቀብያለሁ፤ ለካስ የሴቲንግ ኤ ገደብን ከጠቅላላው ጋር አምታትቼ ነው የኖርኩት።

ከሲያትል

እኔ ከገባሁበት ስሕተት እንዲድኑ አንድ ነገር ላክል። ከአገር ቤት ያመጣሁት የሥራ ልምድ ማስረጃ «ከመስከረም 2004» ይላል። ማታ ከሥራ ደክሞኝ ገብቼ ቅጹን ስሞላ፣ ወሩን ወደ ሴፕቴምበር ቀየርኩና ዓመቱን እንዳለ 2004 ብዬ ጻፍኩት። 2011 መሆን የነበረበት ሥራ በሰባት ዓመት ወደ ኋላ ሄዶ ከአምስት ዓመቱ ገደብ ውጭ ወደቀ፤ ነገሩን የነቃሁበት ኃላፊዬ «እኔ እኮ ያን ጊዜ ቢሮም አልከፈትኩም ነበር» ብለው ሲደውሉልኝ ነው። የሥራ ሰዓቱም በማስረጃው ላይ «ከ2፡30 እስከ 11፡30» ተብሎ ስለተጻፈ፣ እንዳለ ለሚያነበው የውጭ ሰው ስንት ሰዓት እንደሠራሁ የሚያስረዳ አልነበረም። ለኃላፊዎ ማረጋገጫው በኢሜይል ስለሚደርሳቸው፣ ቀኖቹን በሁለቱም አቆጣጠር ጽፈው አስቀድመው ቢልኩላቸው መልካም ነው።

ጠያቂው

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ የአዲስ አበባው ኃላፊዬ፣ የተመዘገቡ አርክቴክት ናቸው፣ ቢሮውም አሁን ድረስ እየሠራ ነው። የ2004 እና የ2005 ዓ.ም. ሥራዬን ከማስታወሻዬ ስደምረው ወደ 4,000 ሰዓት ይሆናል፤ 2,600 ያህሉ የሥራ ንድፍና ዝርዝር ስዕል፣ 1,000 የሚሆነው ሳይት ላይ ክትትል፣ 400 የሚሆነው ደግሞ ዲዛይን ነው። እዚህ ከሚያዝያ ወዲህ ወደ 860 ሰዓት ሠርቻለሁ፤ ከጠዋት እስከ ማታ ሪቪት በሚባለው የስዕል ሶፍትዌር ላይ ስለምውል ሁሉም ስዕል ነው ማለት ይቻላል። ይህ ሁሉ ሲደመር ለመጨረስ ምን ያህል ይቀረኛል?

ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

እንግዲህ እናስላው፤ ጠቅላላ ድምሩን ብቻ ካየነው ያታልለናል። ስድስቱ ዘርፎች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው መጠን አላቸው፦ የቢሮ አስተዳደር 160፣ የፕሮጀክት አስተዳደር 360፣ የፍላጎት ጥናትና ትንተና 260፣ ዕቅድና ዲዛይን 1,080፣ የዝርዝር ንድፍና የሰነድ ዝግጅት 1,520፣ የግንባታ ክትትልና ግምገማ 360። በአንዱ ዘርፍ የተረፈው የሌላውን ጉድለት አይሞላም።

የአዲስ አበባው ስዕል በሰነድ ዝግጅቱ ዘርፍ ገብቶ በግማሽ 1,300 ይሆናል። የሳይት ክትትሉ በግማሽ 500 ቢሆንም ዘርፉ የሚቀበለው 360 ብቻ ነው። ዲዛይኑ 200 ይሆናል። ድምሩ 1,860 ላይ ያርፋል፣ ይኸውም ከውጭ አገር ልምድ የሚፈቀደው የመጨረሻው መጠን ነው።

እዚህ የሠሩት 860 ሰዓት ስምንት ወር ስላልሞላው በሙሉ ይያዛል ብለው ይጠብቁ ይሆናል፤ ሁሉም ስዕል ከሆነ ግን በስዕሉ ዘርፍ የቀረዎት ቦታ 220 ብቻ ስለሆነ 640 ሰዓት ያህሉ ማረፊያ ያጣል። በዚህ መሠረት የሚያዝልዎት 2,080፣ የሚቀርዎት 1,660 ሰዓት ነው። በሳምንት 40 ሰዓት ሲታሰብ አሥር ወር እንኳ የማይሞላ ሥራ ቢሆንም፣ ሪቪት ላይ እንደተቀመጡ አሥር ዓመት ቢቆዩም አይሞላም። የቀረዎት 880 ዲዛይን፣ 360 የፕሮጀክት አስተዳደር፣ 260 የፍላጎት ጥናትና 160 የቢሮ አስተዳደር ስለሆነ፣ ነገ አለቃዎን ደንበኛ ሲያነጋግሩ አብረው እንዲቀመጡ፣ የሕንጻ ኮዱንና የዞኒንግ ደንቡን እርስዎ አጥንተው እንዲያቀርቡ፣ የአማካሪ መሐንዲሶቹን ደብዳቤም እርስዎ እንዲከታተሉ ይጠይቋቸው። ትንሽ ቢሮ መግባትዎ ለዚህ ዕድል ነው፤ መቶ ሰው ባለበት ቢሮ ይህን የሚያካፍልዎት አያገኙም። እስከ ዛሬም ኮድ ያገላበጡበት ወይም ስብሰባ የገቡበት ቀን ካለ በትክክለኛው ዘርፍ ያስገቡት፤ ያልሠሩትን ግን እንዳይጽፉ፣ የሚፈርሙት አለቃዎ ናቸውና።

ከሎስ አንጀለስ

ልጄ፣ እኔ በድሮው ሥርዓት 5,600ውን ጨርሼ ያለፍኩ ነኝ፤ አሁን የቀለለላችሁን ሳይ ደስ ይለኛል። ስለ ዲግሪው ማንም ስላላነሳ ላንሳው። የኢትዮጵያ ዲግሪ ናብ የተባለው ቦርድ እውቅና ከሰጣቸው ውስጥ ስላልሆነ፣ ብዙ ስቴቶች ኢሳ በሚባለው ግምገማ እንዲመዘን ይጠይቃሉ። ካሊፎርኒያ፣ ኒውዮርክና ዋሽንግተን ስቴትን የመሳሰሉት ግን በተጨማሪ የሥራ ልምድ ይቀበላሉ፤ ስለዚህ ፈቃድ የምትፈልግበትን ስቴት ቦርድ አስቀድመህ ጠይቅ። ሰዓት ማስመዝገብ ለመጀመር የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ማጠናቀቅ ስለሚበቃ የዲግሪውን ግምገማ አትጠብቅ። ፈተናውም እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 1 ቀን 2016 ጀምሮ በእነዚሁ ስድስት ዘርፎች ተከፍሎ ስለሚሰጥ፣ በሥራ ያላገኘኸው ዘርፍ ፈተናው ላይም ያስቸግርሃል።

ያመለጠህን የ2003 ዓ.ም. ሥራ በተመለከተ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 የተጀመረው የፖርትፎሊዮ (የቆየ ሥራን በማስረጃ የማሳየት) መንገድ ከአምስት ዓመት በላይ የሆነው ሁለት ዓመት ሥራ ላለው ሰው ስለሆነ፣ በአንዱ ዓመትህ አትገባበትም።

ጠያቂው

ዛሬ ሌሊት ለጋሼ ደውዬ፣ «ኢሜይሉን ላክ እንጂ እፈርማለሁ» ብለውኛል። ቀኖቹንም በሁለቱም አቆጣጠር አዘጋጅቻለሁ። አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ፤ ሁሉን በአንድ ምሽት ሞልቼ ስለማልጨርስ ከየትኛው ልጀምር? የአሜሪካውን ላስቀድም ወይስ የአዲስ አበባውን?

ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

የአዲስ አበባውን፣ ከእሱም የመስከረም 2004 ዓ.ም.ን። የአሜሪካው እስከ ታኅሣሥ ድረስ በሙሉ ይቆይዎታል።