በሥራ ቦታ ለማያምን ባልደረባ ወንጌልን እንዴት ልናገር? ከየት ልጀምር?

ባለመደብር

የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ ቅዱሳን። ጥያቄዬ ስለ ምስክርነት ነው። የምሠራው የሕንፃ መሣሪያ መደብር ውስጥ ነው። አንዱ ባልደረባዬ በክርስቲያን ቤት ያደገ ነው፤ አሁን ግን "በምንም አላምንም" ይላል። ሒሳብ የምትይዘው እህት ደግሞ ሙስሊም ናት። ከሁለቱም ጋር እንዋደዳለን፣ ምሳም አብረን ነው የምንበላው። ስለ ጌታ ልናገር ስል ግን ወይ ነገሩ ወደ ክርክር ይሄዳል፣ ወይ አፌ ይተሳሰራል። ቤተ ክርስቲያን "ውጡና መስክሩ" እንባላለን፤ እንዴት እንደሆነ በዝርዝር የሚነግረን ብዙ የለም።

ኑሮዬ ይመስክር ብዬ ዝም ብል ይበቃል? ስናገርስ ምን ምን ልበል፣ ስንት ደቂቃስ ይፈጃል? ለሙስሊሟ እህትስ ምን ላይ ልጠንቀቅ? ተባረኩልኝ።

ዘፊልጶስ

እህቴ፣ ዝምታው ብቻውን አይበቃም። ሰው መልካም ሥራሽን አይቶ ምክንያቱን ካልሰማ "ጥሩ ልጅ ናት፣ አስተዳደጓ ነው" ይላል፤ ምስጋናው ለእናትሽ ይሄዳል ማለት ነው። 1ኛ ጴጥሮስ 3፥15 ስለ ተስፋችሁ ለሚጠይቋችሁ መልስ ለመስጠት ተዘጋጁ ይላል። ሰው የሚጠይቀው ያየውን ነገር ነው፤ መልሱ ግን በአፍ ነው። ቁጥሩ ሲያልቅ "በየዋህነትና በፍርሃት" የምትለዋን እንዳትዘያት፤ ክርክር የሚነሳው አብዛኛውን ጊዜ እሷን ስንዘል ነው።

ምን ልበል ላልሽው፣ ሁለት ነገር አዘጋጂ። አንዱ የራስሽ ምስክርነት ነው። ከደብተር አንድ ገጽ ሳታሳልፊ ጻፊው፤ ሲነገር ከሦስት ደቂቃ አይብለጥ። ጌታን ከማወቅሽ በፊት ምን ላይ ነበርሽ፣ እንዴት ወደ እሱ መጣሽ፣ ዛሬ ምን ተለወጠ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሁለት ደቂቃ ተኩሉን በድሮው ኃጢአት ላይ ጨርሶ ኢየሱስን በመጨረሻው ግማሽ ደቂቃ ሲያነሳው ነው። ሌላው ስህተት "ካመንኩ ወዲህ ችግር የለብኝም" ማለት ነው። ባልደረባሽ ወር ሊያልቅ ሲል ገንዘብ እንደሚያጥርሽ ያውቃል፤ እዚህ ላይ ካጋነንሽ ሌላውንም አያምንሽም።

ሁለተኛው ወንጌሉ ራሱ ነው። ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 15፥3-4 አጥሮ አስቀምጦታል፤ ክርስቶስ ስለ ኃጢአታችን ሞተ፣ ተቀበረ፣ በሦስተኛው ቀን ተነሣ። ከዚያ በፊት እግዚአብሔር ለራሱ እንደ ፈጠረንና እኛ ፊታችንን እንዳዞርን፣ ከዚያ በኋላ ንስሐ ገብቶ ማመን እንደሚያስፈልግ ጨምሪበት። ለእያንዳንዱ ሁለት ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃል። ጥቅስ አታብዢ። ሮሜ 5፥8ን በቃልሽ ብትይዢ አሥር ጥቅስ ከመደርደር ይሻላል።

አሁን ትልቁ እንቅፋት ቋንቋችን ነው። በቤተ ክርስቲያን የለመድናቸው ቃላት ውጭ ሌላ ትርጉም አላቸው። "ድነሃል ወይ?" ስትዪው "ከምን በሽታ?" ብሎ ነው የሚያስበው። "ላንተ ሸክም አለኝ" ካልሽው እናንተ ቤት ሸክም ማለት ሲሚንቶ ነው። "ኅብረት" ሲባል ኅብረት ሥራ ማኅበር፣ "ደቀ መዝሙር" ሲባል ዘማሪ ይመስለዋል። ስለዚህ "ዳንኩ" ከማለት "ኢየሱስ ኃጢአቴን ይቅር አለኝ፣ ከእግዚአብሔር ጋር ታረቅሁ" በዪ። መታረቅን ሽማግሌ ሲላክ ያየ ሁሉ ያውቀዋል፤ ማብራሪያ አይፈልግም። የጻፍሽውን ገጽ ቤተ ክርስቲያን ለማያውቅ ሰው አንብቢለትና "ያልገባህ ቃል የቱ ነው?" ብለሽ ጠይቂው። ያልገባውን በቀይ አስምሪበትና ሌላ ቃል ፈልጊለት።

ለማያምነው ወንድም ደግሞ ከመናገርሽ በፊት መስማት አለብሽ። "በምንም አላምንም" ከሚል ሰው በስተጀርባ ብዙ ጊዜ የሆነ ነገር አለ፤ ሐዘን፣ ያልተመለሰ ጸሎት፣ ወይም ገንዘብ ሲሰበስብ ያየው አገልጋይ። "የማታምንበት እግዚአብሔር ምን ዓይነት ነው?" ብለሽ ጠይቂውና ዝም በዪ። ነቢይ ነን የሚሉትን እያነሳ ከወቀሰ አትከላከዪላቸው፤ ስህተቱን ስህተት በዪው። ማርቆስ ራሱ የይሁዳን ክህደትና የጴጥሮስን መሐላ አልደበቀም። ሐዘን ካለበት ሮሜ 8፥28ን፣ ነገር ሁሉ ለበጎ ይሆናል የሚለውን፣ አታውጪበት። ኢየሱስ ወደ አልዓዛር መቃብር ሲሄድ፣ እሱን ከማስነሣቱ በፊት አልቅሷል (ዮሐንስ 11፥35)። መልሱን ካላወቅሽ "አላውቅም፣ ጠይቄ ሐሙስ እነግርሃለሁ" በዪ፤ ሐሙስ ደግሞ ሳይጠይቅሽ ንገሪው።

የሚዛን ነገር

ከላይ ያለው ስለ አፍ ነው። እኔ ስለ እጅ ልጨምር፤ መደብር ውስጥ የሚታየው እሱ ነው።

ሚስማርና ማሰሪያ ሽቦ በኪሎ ትሸጣላችሁ አይደል? ሚዛኑ ሳህን ላይ የዝገት ብናኝ፣ አንዳንዴም ከሥሩ የተቀረቀረ ሚስማር ይኖራል። ከመመዘንሽ በፊት ሳህኑን ጥረጊ፣ ሚዛኑ ባዶውን ዜሮ ማለቱን ደንበኛው እንዲያይ ወደ እሱ አዙሪው። ቆርቆሮም እንደዚያው ነው። የጌጁ ቁጥር ሲጨምር ብረቱ ይሳሳል፤ ባለ 32ቱን ባለ 30 ነው ብሎ የሚሸጥ ሰው ቤት የሚሠራውን ድሀ በክረምት ያስለቅሰዋል። ባልደረባሽ ይህን በየቀኑ ያያል። ቲቶ 2፥10 ለባሪያዎች የተጻፈ ነው፤ ሳይሰርቁ ታማኝነታቸውን ቢያሳዩ የእግዚአብሔርን ትምህርት ያስጌጣሉ ይላል። ትምህርቱን የሚያስጌጠው እንግዲህ ዕቃ ቤት ውስጥ የሚሠራው ሰው ነው።

ከባዱ "ያለ ደረሰኝ ስንት ነው?" የሚለው ነው። 15 በመቶውን ቫት ለማምለጥ ደንበኛውም ይገፋል፣ አንዳንዴ አለቃም። እዚህ ላይ እምቢታሽን በሃይማኖት አትጠቅልዪው። ደንበኛ ፊት "እኔ ጌታን የማውቅ ነኝ" ብትዪ አለቃሽን ማዋረድ ነው፣ ለሰሚውም ትዕቢት ይመስላል። ለአለቃሽ ለብቻው፣ ገበያ ሳይደራ ጠዋት ንገሪው፤ "ያለ ደረሰኝ መሸጥ አልችልም፣ ሌላውን ሁሉ ግን እሠራለሁ፤ ቆጠራውንም እኔ ልያዘው" በዪው። ዳንኤል በምዕራፍ 1 ያደረገው ይህን ነው፤ በትሕትና ለመነ፣ የአሥር ቀን ሙከራ ሐሳብ አቀረበ። እምቢታ ከአማራጭ ጋር ሲመጣ ሰው ይሰማዋል። ሊያስከፍልሽ እንደሚችል ግን አውቀሽ ግቢ።

የአለቃሽን ሰዓትም አትስረቂ። በሥራ ሰዓት ለግማሽ ሰዓት ወንጌል መናገር በሌላ ሰው ገንዘብ መስበክ ነው። ምሳ ሰዓት አለልሽ። ስትሳሳቺ ደግሞ፣ ለምሳሌ ዋጋ አሳስተሽ ብታስከፍዪ ወይም ባልደረባሽን ብትቆጪ፣ በዚያው ቀን "አጥፍቻለሁ፣ ይቅርታ" በዪ። የማያምን ሰው ክርስቲያን አይሳሳትም ብሎ አይጠብቅም፤ ሲሳሳት ምን እንደሚያደርግ ነው የሚያየው።

ወለተ ማርያም

ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛልሽ። እኔ ኦርቶዶክሳዊት ነኝ፤ አንድ ሁለት ነገር ከእኛ በኩል ልበል።

ስለ ሚዛኑ የተባለው እውነት ነው፣ በአገራችንም መሠረት አለው። በ4ኛው መቶ ዘመን አባ ሰላማ ከሳቴ ብርሃን፣ ፍሬምናጦስ የምንለው፣ ወደ አክሱም የመጣው ሰባኪ ሆኖ አልነበረም። በልጅነቱ ተማርኮ በንጉሡ ቤት የጽሕፈትና የሒሳብ ሥራ ተሰጠው። በዚያ ታምኖ ከኖረ በኋላ ነው ለክርስቲያን ነጋዴዎች የጸሎት ቦታ ያመቻቸው። በእስክንድርያ በቅዱስ አትናቴዎስ እጅ ጵጵስና የተቀበለውም ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ ነው። የመጀመሪያው ጳጳሳችን ሒሳብ ያዥ ነበር እንግዲህ።

ሌላው፣ "ያላመነ" የሚለውን ቃል በጥንቃቄ ያዙት። የተጠመቀና የሚጾም ሰው "ድነሃል?" ሲባል የሚሰማው እናቱ ስትሰደብ ነው። በሥላሴ የሚያምንን ሰው ከአረማዊ ጋር አትደምሩት። ረቡዕና ዓርብ ከሚጾም ሰው ጎን ቁጭ ብሎ የጥብስ ምሳ ዕቃ መክፈትም እንደዚያው ነው። ክዳኑ ሲነሳ ሽታው ጠረጴዛውን ይሞላዋል፣ ያ ሰው ፊቱን ወደ ሽሮው አቀርቅሮ ይበላል፤ ከዚያ በኋላ ስለ ፍቅር ቢነገረው አይሰማም። ጳውሎስ በሮሜ 14 "በመብል ምክንያት ወንድምህን አታሳዝን" የሚለው ለዚህ ነው። የዓርብ ምሳሽን የጾም አድርጊው፤ የሚከብድ ነገር አይደለም።

ጎረቤት

ሙስሊሟን እህት በተመለከተ። የክርስቲያን እርድ እንደማትበላ ታውቂያለሽ። ቤትሽ ስትጋብዣት ሽሮ፣ ምስር ወይም ዓሣ አቅርቢ፤ ምን እንደተሠራ ሳትጠይቅሽ ንገሪያት። በረመዳን ምሳ ሰዓት ከፊቷ አትብዪ።

መጽሐፍ ቅዱስሽን መሬት ላይ ወይም ከዕቃ ሥር አታስቀምጪ። እሷ ቅዱስ መጽሐፍን የምታይበት ዓይን ሌላ ነው፤ አንቺ ካላከበርሽው እሷ ለምን ታነበዋለች? ስለ ነቢዩ ክፉ ቃል አይውጣሽ። "የእግዚአብሔር ልጅ" ስትዪ እግዚአብሔር ሚስት አግብቶ የወለደ እንደሚመስላት አስቢ፤ ያንን እኛም እንደማናምን አስቀድመሽ ንገሪያት። ከክርክር ይልቅ ታሪክ ይሻላል። ሉቃስ 15፥11-32 ላይ ያለውን የጠፋውን ልጅ በቃልሽ ንገሪያት፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። አባትየው ሮጦ አንገቱን ሲያቅፈው ስትደርሺ አትቸኩዪ፤ በእኛ አገር የተከበረ ሽማግሌ እንደማይሮጥ እሷም ታውቃለች።

እናቷ ብትታመም "ልጸልይላት?" ብለሽ ጠይቂ። እሺ ካለች እዚያው፣ በቀስታ፣ ከአንድ ደቂቃ ሳታሳልፊ፣ በኢየሱስ ስም ጸልዪ፤ ጸሎቱን የተደበቀ ስብከት አታድርጊው። ገንዘብ ስታበድሪያት ወይም ስትረጃት ደግሞ በዚያው ቀን ስለ እምነት አታንሺ፤ እርዳታሽ ማጥመጃ ይመስላታል። ጥያቄ ከጀመረች ለሰው አታውሪ። ለአንቺ የምስራች የሆነው ለእሷ ከቤት መባረር ሊሆን ይችላል፤ ፍጥነቱን እሷ ትወስን።

ከሪያድ

እኛስ በአረብ አገር ቤት ሠራተኛ የሆንነው? ማዳሜ ደግ ናት፣ መናገር እፈልጋለሁ።

ዘፊልጶስ

እህቴ፣ ያለሽበት አገር ሙስሊምን ወደ ሌላ እምነት መጋበዝ በሕግ የተከለከለ ነው፤ በኤምሬትስም እንደዚያው። ራስሽ ጉዳዩን አታንሺ። ለልጆቻቸው በፍጹም አትናገሪ፤ ሕጉም ቢቀር በአደራ የተሰጡሽ ናቸው። የመንፈሳዊ ቪዲዮ ድምፅ በስልክሽ ከፍ አድርገሽ አትክፈቺ። ማዳምሽ ራሷ "ለምን አትዋሺም?" ብላ ከጠየቀች አንድ ዓረፍተ ነገር መልሺላትና አቁሚ። 2ኛ ነገሥት 5 ላይ በንዕማን ቤት የነበረችው ትንሽ ልጅ እንዳንቺ የሰው አገር ሰው ነበረች፤ ለእመቤቷ የተናገረችው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ጌታዋ በሰማርያ ያለውን ነቢይ ቢያገኝ እንደሚፈወስ። ሙስሊም ላልሆኑት ለአገርሽ ልጆች፣ በተለይ ለብቻዋ ለምታለቅሰው፣ መናገር ግን ትችያለሽ።

ባለመደብር

እግዚአብሔር ይስጣችሁ፣ ምስክርነቴን ዛሬ ማታ እጽፈዋለሁ። አንድ ነገር ቀረኝ፤ ያ ወንድም ለመስማት ፈቃደኛ ከሆነ በቀጣይ ምን ላድርግ? ቤተ ክርስቲያን ልጋብዘው?

ዘፊልጶስ

ቶሎ አትጋብዢው። አብራችሁ አንብቡ። ማርቆስ 16 ምዕራፍ ነው፤ በሳምንት ሁለት ምዕራፍ ካነበባችሁ በ8 ሳምንት ያልቃል። አዲስ ኪዳን ብቻውን የታተመውን ስጪው፣ ሙሉውን መጽሐፍ ሲያይ እንዳይከብደው። በ1954 ዓ.ም. የታተመው ትርጉም ቋንቋው ከከበደው አዲሱ መደበኛ ትርጉም ይቀልለዋል። ለአንድ ጊዜ 20 ደቂቃ ይበቃል። እሱ ያንብብ፣ አንቺ ሁለት ጥያቄ ጠይቂ፦ "እዚህ ላይ ኢየሱስ ምን ዓይነት ሰው ሆኖ ታየህ?" እና "ያልገባህ ወይም ያናደደህ ምንድን ነው?" የምታበላሺው አንቺ ማብራራት ስትጀምሪ ነው፤ ከእሱ በላይ ካወራሽ ስብከት ሆነ።

እምቢ ካለ እሺ በዪውና በማግስቱም ምሳውን እንደ ድሮው አብራችሁ ብሉ። እሺ ካለ ደግሞ ለመጀመሪያ ቀን ማርቆስ 2፥1-12ን ውሰጂ፤ አራት ሰዎች ሽባውን ተሸክመው መጥተው ጣራ ያፈረሱበትን። 12 ቁጥር ብቻ ነው። ጣራ ስንት እንደሚያወጣ ለሚያውቅ ሰው የመጀመሪያው ጥያቄ "ማን ከፈለ?" ይሆናል፤ እሱን ይጠይቅ፣ ከዚያ ቁጥር 5 ላይ ኢየሱስ ከእግሩ በፊት ኃጢአቱን ለምን እንዳነሳ አንቺ ጠይቂው።