ለድሬ ሙቀትና ጠጣር ውሃ፦ 70 በ70 የማዕዘን አኳሪየም ውስጥ ምን ዓሣ ይግባ?

ባለሳቢያን
ሰላም የድሬ ልጆች። ሳሎን ጥግ ላይ የሚቀመጥ አኳሪየም ውሃ ከተሞላ 3 ቀን ሆኖታል፤ ማጣሪያው ይሠራል፣ ዓሣ ግን አልገባም። ልኩ፦ ግድግዳ የተጠጉት ሁለት ጎኖች እያንዳንዳቸው 70 ሴንቲ ሜትር፣ ሁለቱ አጫጭሮች 30፣ ፊት ለፊት ሰያፍ የተቆረጠው መስታወት 57 ገደማ። ውሃው 45 ሴንቲ ሜትር ከፍታ አለው፤ መስታወቱ ባለ 10 ሚሊ ሜትር ነው።

የቧንቧው ውሃ በጠብታ መመርመሪያ ሲለካ ጠጣርነቱ (የተሟሟ ማዕድኑ ብዛት) 22 የጀርመን ዲግሪ፣ ፒኤች (አሲዳማነቱ፤ ከ7 በታች አሲዳማ፣ ከ7 በላይ አልካላይን) 7.9፣ ናይትሬቱ በሊትር 40 ሚሊ ግራም። የአኳሪየሙ ሙቀት ጠዋት 27፣ ከሰዓት 31 ይደርሳል። የታሰበው 4 ጎልድፊሽ፣ 15 ኒዮን ቴትራ እና 2 ኤንጅልፊሽ ነው፤ ዓሣው ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ይመጣል። አብረው ይኖራሉ? ካልሆነስ ምን ይሻላል?

የከዚራ ጥላ
አቦ፣ መጀመሪያ ሒሳቡን እንየው። ወለሉ 4,900 ካሬ ሴንቲ ሜትር ሆኖ ከፊቱ 800 ተቆርጦለታል፤ 4,100 ይቀራል። በ45 ስታባዛው 184 ሊትር ነው። አሸዋና ድንጋይ ሲገባ እውነተኛው ውሃ 165 ገደማ ይሆናል። ዓሣውን በ165 አስብ።

የማዕዘን አኳሪየም ውሃ ያነሰው አይደለም፣ የሚያንሰው መዋኛ ነው። ያንተ ረጅሙ ቀጥታ መስመር ከአንዱ የ70 ጫፍ ወደ ሌላው የ70 ጫፍ በሰያፍ የሚሄደው ነው፤ 99 ሴንቲ ሜትር። ብዙ ሰው ድንጋዩን መሃል ይከምርና ይህንን መስመር ይዘጋዋል። ድንጋይና እንጨት የኋላው ጥግ ላይ ይሁን፣ ግን ከመስታወቱ 5 ሴንቲ ሜትር ይራቅ፤ ያ ጥግ ቆሻሻ የሚያከማች ነው፣ ቱቦ ካልገባበት አይጸዳም። የማጣሪያውን መውጫም እዚያው ጥግ ላይ አድርገህ ወደ ፊት መስታወት አዙረው። ፍሰቱ ፊቱን መትቶ በሁለቱ ጎን ይመለስና ቆሻሻውን ያንቀሳቅሰዋል።

ወደ ዓሣዎችህ ስንመጣ፦ ጎልድፊሽ ከ18 እስከ 22 ዲግሪ የሚስማማው፣ ከ15 ሴንቲ ሜትር በላይ የሚያድግ፣ ቆሻሻው የበዛ ዓሣ ነው። 31 ዲግሪ ላይ ሲያዛጋ ታየዋለህ። ኒዮን የአማዞን ለስላሳና አሲዳማ ውሃ ልጅ ነው፤ ማንቆርቆሪያህ ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚተው ውሃ ለእሱ አይሆንም። ሙቀቱም ቀስ እያለ ይጨርሰዋል። ኤንጅልፊሽ ብቻውን ይችላል፣ ግን ሲያድግ ኒዮኑን ይበላዋል። ሦስቱን በአንድ መስታወት ማስገባት ማለት ሦስቱንም ማጣት ነው።

ጠጣር ውሃ እያለህ ከውሃህ ጋር አትታገል፤ ፒኤች አውርድ የሚል ጠርሙስም አትግዛ። ውሃው ውስጥ ያለው ካርቦኔት ፒኤቹን በማግስቱ ይመልሰዋል፣ ዓሣውን የሚጎዳው ደግሞ ይህ መውጣት መውረድ ነው። ጠጣር ውሃ የሚወዱት ጋፒና ሞሊ ናቸው። የእኔ ምርጫ 12 ወንድ ጋፒ እና 5 ሞሊ (1 ወንድ፣ 4 ሴት)። ጋፒውን ወንድ ብቻ ያልኩት ሴት ካለች በየወሩ ገደማ ስለምትወልድ ነው። ሞሊም ይወልዳል፤ የሚተርፈውን ትልልቆቹ ካልበሉት ለሰው ስጥ እንጂ ወንዝ ውስጥ አትልቀቅ። አልጌ ያጸዳል ተብሎ የሚሸጠውን ተራ ፕሌኮ አትግዛ፣ 30 ሴንቲ ሜትር ያልፋል። ሞሊው ራሱ አልጌ ይግጣል፤ ቀንድ አውጣም ጨምር፣ በጠጣር ውሃ ቅርፊቱ ይጠነክራል።

ገንደቆሬ 7
ስለ ኒዮንና ጎልድፊሹ እስማማለሁ። በጋፒው ግን አልስማማም። ጅራተ ረጅሙ ጌጠኛ ጋፒ ለውበቱ ሲባል ተደጋግሞ የተዳቀለ ስለሆነ ደካማ ነው፤ የአውቶቡስ ጉዞ ላይ የሚሞተውም እሱ ነው። 99 ሴንቲ ሜትር ካለህ ቦዝማኒ ሬይንቦፊሽ አስብ። ኢንዶኔዥያ ውስጥ በፓፑዋ ምዕራባዊ ክፍል ካለው የአያማሩ ሐይቅ አካባቢ የመጣ ነው፤ ውሃው ጠጣርና አልካላይን ነው፣ ሙቀቱም 27 እና ከዚያ በላይ ነው። ማለትም ውሃህን ሳትነካ የሚኖር ዓሣ። ፊቱ ሰማያዊ፣ ጅራቱ ብርቱካናማ ሲሆን 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ያድጋል። 2 ወንድና 4 ሴት፣ ከዚያ በላይ አይሁን፤ 99 ለእሱ ዝቅተኛው ልክ ነው። ይዘላል፣ ክዳን የግድ ነው። ገና ልጅ ሳለ ግራጫ ስለሆነ ሱቅ ውስጥ አይተኸው አትናቀው።

የማላዊ ሐይቅ ቢጫው ላቢዶክሮሚስም ጠጣር ውሃ ይስማማዋል። እሱን ከመረጥክ 8 ብቻ፣ ሌላ ዓሣ ሳይቀላቀል።

የከዚራ ጥላ
ቦዝማኒ ካገኘህ እኔም እሱን እመርጣለሁ። ችግሩ ማግኘቱ ነው። ከጋፒ ጋር ግን አትደባልቅ፤ ቦዝማኒ ፈጣን በላተኛ ስለሆነ ጋፒው ጋ ምግብ አይደርስም።

ባለሳቢያን
እሺ፣ ጋፒና ሞሊ ይሁን። ቦዝማኒውን እጠይቃለሁ። 3 ቀን የሞላው ውሃ ይበቃል? 31 ዲግሪውስ ምን ይደረግ? መብራትም ይጠፋል።

አሸዋ ተራ
3 ቀን አይበቃም፣ በድሬ ውሃ ደግሞ ጭራሽ። ምክንያቱ ይሄ ነው፦ ዓሣ የሚያወጣው አሞኒያ በከፊል መርዛማ፣ በከፊል የማይጎዳ ሆኖ ውሃ ውስጥ ይቀመጣል። ፒኤች ከ7 ወደ 8 ሲወጣ መርዛማው ድርሻ አሥር እጥፍ ገደማ ይጨምራል፣ ሙቀትም ያባብሰዋል። ለስላሳ ውሃ ያለው ሰው የሚያልፈውን ስህተት አንተ አታልፈውም። ስለዚህ አሞኒያውን መጀመሪያ ወደ ናይትራይት (እሱም መርዝ ነው)፣ ከዚያ ብዙም ወደማይጎዳው ናይትሬት የሚቀይረው ባክቴሪያ ማጣሪያው ውስጥ እስኪራባ 4 እስከ 6 ሳምንት ጠብቅ። በየሁለት ቀኑ ቁንጥር የዓሣ ምግብ ጣልበት፤ መጀመሪያ አሞኒያ ይወጣል፣ ቀጥሎ ናይትራይት። ሁለቱም ዜሮ ሆነው ለአንድ ሳምንት ሲቆዩ 6 ጋፒ አስገባ። ከሁለት ሳምንት በኋላ የቀሩትን፣ ሞሊውን በመጨረሻ። የማጣሪያውን ሰፍነግ በቧንቧ ውሃ አትጠብ፣ ክሎሪኑ ባክቴሪያውን ይገድለዋል፤ ከአኳሪየሙ በቀዳኸው ውሃ እጠበው።

ሙቀት፦ የሞቀ ውሃ ብዙ አየር መያዝ አይችልም፤ ድሬ ደግሞ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ግፊቱም ይቀንሳል። 30 ዲግሪ ላይ ውሃው የሚይዘው ኦክስጅን በሊትር 6.5 ሚሊ ግራም ገደማ ነው፣ ያውም ንጹሕ ሆኖ። ዓሣው ከላይ ተንሳፍፎ ሲተነፍስ ካየህ ረሃብ አይደለም፣ ምግብ አትጨምርለት። ክዳኑን በወንፊት ሽቦ ተካውና ትንሽ የጠረጴዛ ቬንትሌተር ውሃው ላይ በሰያፍ አዙር፤ አየራችን ደረቅ ስለሆነ ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ያወርዳል። በረዶ የሆነ ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ ብታንሳፍፍ የምታወርደው ከ1 ዲግሪ ትንሽ በላይ ብቻ ነው፤ ለክፉ ቀን ይሁን፣ በአንዴ ሦስት አትጨምር።

ቬንትሌተር ውሃ ያተንናል። የተነነውን በቧንቧ ውሃ ብቻ እየሞላህ ከሄድክ ማዕድኑ አይተንምና ውሃው በየሳምንቱ እየጠጠረ ይሄዳል። በየሳምንቱ 40 ሊትር፣ ማለትም ሁለት ባለ 20 ጀሪካን፣ አውጥተህ ቀይር። ከጣሪያ ሮቶ በቀትር የቀዳኸውን በቀጥታ እንዳትጨምር! እጅ የሚያቃጥል ነው። ማታ ቀድተህ ክፍት ባልዲ ውስጥ አየር እየነፋህ አሳድረው፣ ክሎሪኑም ይወጣል። ናይትሬቱ ከቧንቧው 40 ስለሆነ በመቀየር ከዚያ በታች አይወርድም፤ ቫሊስኔሪያ የሚባለውን የውሃ ተክል ትከል፣ ጠጣር ውሃ ይወዳል፣ ናይትሬቱንም ይበላል።

መብራት ሲጠፋ፦ በፓወር ባንክ የሚሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕ ግዛ፣ ምግብ አቁም። ዝግ የውጭ ማጣሪያ ከሆነ ረጅም ሰዓት ጠፍቶ ሲመለስ ዝም ብለህ አታስነሳው፤ ውስጡ የቆመው ውሃ ይበላሻል፣ ደፍተህ አስነሳ።

ጀጎል በር
ሐረር ያላችሁ ይህን የማቀዝቀዝ ምክር አትቅዱ። እዚህ 1,800 ሜትር አልፈናል፣ ሌሊቱ ይበርዳል፤ ለዚሁ አኳሪየም ቴርሞስታት ያለው ባለ 200 ዋት ማሞቂያ ያስፈልጋል፣ 25 ላይ ይቀመጥ።

ስለ ጉዞው፦ ሻጩ ከ24 ሰዓት በፊት ምግብ እንዲያቆም ንገረው። ፌስታሉ ሲሶው ውሃ፣ ቀሪው ኦክስጅን፣ ሁሉም በፎም ሳጥን። አዋሽ ላይ አውቶቡሱ ምድጃ ስለሚሆን ቀኑ ሳይሞቅ የሚያልፈውን ምረጥ። ሲደርስ ፌስታሉን ሳትፈታ 20 ደቂቃ አንሳፍፈው። አንዴ ከፈታኸው ግን አትዘግይ፤ ታምቆ የነበረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወጥቶ ፒኤቹ ሲዘል የተጠራቀመው አሞኒያ መርዝ ይሆናል። በ15 ደቂቃ ውስጥ ሦስት አራት ኩባያ ያንተን ውሃ ጨምረህ ዓሣውን ብቻ በመረብ አውጣ፣ የፌስታሉን ውሃ ድፋው። የዚያን ቀን መብራቱን አታብራ።