መኪናዬ ወደ ቀኝ እየሳበች አስቸገረችኝ

ሰላም ወገኖች፣ ስለ መኪና የምታውቁ እስቲ እርዱኝ። ቶዮታ ቪትስ ናት። በአዳማው ፈጣን መንገድ ላይ መሪውን ትንሽ ለቀቅ ሳደርገው ወደ ቀኝ ትሄዳለች። አላይመንት (የጎማዎቹን አቅጣጫ ማስተካከል) አሠርቻለሁ። የጎማው ንፋስም እኩል ነው። የፊት ጎማዎቹን ግራና ቀኝ አቀያይረን ሞከርን፤ አሁንም ያው ወደ ቀኝ ነው።

አንድ ነገር ግን አሳስቦኛል። ረጅም መንገድ ነድቼ ስቆም የቀኙ የፊት ቸርኬ ከግራው ይልቅ በጣም ይሞቃል፤ የተቃጠለ ነገርም ይሸታል። መካኒኩ መሪውን የሚያዞረው ክፍል ይቀየር ይላል። እኔ ግን የፍሬኑ ካሊፐር (ፍሬን ሲያዝ ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫነው ክፍል) ተጣብቆ አልለቅ ያለ ይመስለኛል። በክሪክ አንስቼ ጎማውን በእጄ ባዞረው ይታወቃል? ካሊፐሩ ተፈትቶ ቢጸዳ ይድናል ወይስ የግድ ይቀየር? ልጆቼን የማመላልሰው በእሷ ስለሆነ በጣም ሰግቻለሁ፤ የደረሰባችሁ ካላችሁ ቶሎ ንገሩኝ።